ሎተሪው አልወጣም፣ ቁጥሩ ግን ተፈታ፦ ትልቅ ቁጥርን በእርሳስ መበርበር

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ በር ላይ ከአንድ ልጅ ሁለት ሎተሪ ገዛሁ። ቁጥራቸው ተከታታይ ነው። የመጀመሪያው 2,904,876 ይላል፣ ሁለተኛው በአንድ ይበልጣል። ዕጣው ወጣ፣ ለእኔ ግን ማስተዛዘኛ እንኳ የለም። ቀድጄ ልጥላቸው ስል የእህቴ ልጅ ቀማችኝ። ዘጠነኛ ክፍል ናት። ከሳምንት በፊት አንድ የማካፈያ ዘዴ አሳይቻት ነበርና መሞከሪያ ስትፈልግ ነው የከረመችው።

"አጎቴ፣ የመጀመሪያው እኮ ለ13 ይካፈላል" አለች፣ ቡናው ገና ሳይፈላ።

እኔም ቁጥሩን ወረቀት ላይ ገልብጬ ሞከርኩት። አይካፈልም፣ 3 ይተርፋል። "ተሳስተሻል" አልኳት በሙሉ ልብ። እሷ አልሰማችኝም፣ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ይካፈላል። ለካ ስገለብጥ 04ን 40 አድርጌ 2,940,876 ብዬ ጽፌዋለሁ! የሚያናድደው ደግሞ፣ ከመጀመሬ በፊት የቲኬቱንም የወረቀቱንም አሃዞች ደምሬ አመሳክሬ ነበር። 36 እና 36። አሃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ድምራቸው የት ይሄዳል፣ ያው ነው።

ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ልትበረብሩ ስትነሱ መጀመሪያ በትክክል ገልብጡ። ከቀኝ ወደ ግራ ሦስት ሦስት አሃዝ እየቆረጣችሁ በነጠላ ሰረዝ ለዩት፣ ከዚያ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ቡድን በቡድን አንብቡት። "ሁለት፤ ዘጠኝ መቶ አራት፤ ስምንት መቶ ሰባ ስድስት።" የሞኝ ሥራ ይመስላል፣ ግን ግማሽ ሰዓት ያድናል። እኔን ባዳነኝ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ከጀርባ ጀምሩ። የመጨረሻው አሃዝ 6 ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ለ2 ይካፈላል፣ ለ5 አይካፈልም። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች 76 ናቸው። 76 ለ4 ይካፈላል፣ ሙሉው ቁጥርም እንደዚያው፤ ምክንያቱም 100 ራሱ ለ4 ስለሚካፈል ከመቶ በላይ ያለው ነገር ሁሉ እዚህ ጉዳይ ውስጥ አያገባውም። ሦስቱን ስንወስድ 876 ነው። ለ8 ሲካፈል 4 ይተርፋል። አልሆነም። ስለዚህ 2 ሁለት ጊዜ አለ፣ ከዚያ በላይ የለም።

ቀጥሎ አሃዞቹን ደምሩ። 2+9+0+4+8+7+6 = 36። 36 ለ9 ስለሚካፈል ቁጥሩም ለ9 ይካፈላል። ይህን ሁላችንም ከትምህርት ቤት እናስታውሳለን። ለምን እንደሚሠራ ግን ማንም አልነገረኝም፣ ወይም ሲነገር ተኝቼ ነበር። በብር አስቡት። መቶ ብር ለ9 ሰው ብታካፍሉ ለእያንዳንዱ 11 ይደርሰውና 1 ብር ይተርፋል። አሥር ብርም ብታካፍሉ 1 ይተርፋል። ሺህም 1፣ ሚሊዮንም 1። እንግዲህ 2 ሚሊዮን ካላችሁ 2 ብር ይተርፋል፣ 9 መቶ ሺህ ካላችሁ 9 ብር፣ 4 ሺህ ካላችሁ 4 ብር፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ትርፍራፊውን በሙሉ ሰብስባችሁ ስትቆጥሩት የአሃዞቹ ድምር ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ለ9 ተካፈለ ማለት ግን ለ27 ይካፈላል ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆማል። አታቁሙ። ሦስት ሦስት አድርገን የቆረጥናቸውን ቡድኖች ደምሩ፦ 2+904+876 = 1,782። እሱንም ደግማችሁ ቁረጡት፦ 1+782 = 783። 783 ማለት 27 ጊዜ 29 ነው። ስለዚህ ሙሉው ቁጥር ለ27 ይካፈላል። ዘዴው ያው የብሩ ዘዴ ነው፤ ሺህ ብር ለ999 ሲካፈል 1 ይተርፋል፣ 999 ደግሞ 27×37 ነው። በአንድ ድምር ሁለት ቁጥር ትመረምራላችሁ። ለ37 ግን አልሆነም፣ ከ783 ላይ 6 ይተርፋል።

አሁን የእህቴ ልጅ የያዘችው ዘዴ። ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። 1,001 ማለት 7×11×13 ነው። ሺህ ብር ይዛችሁ 1,001 ብር መክፈል ቢኖርባችሁ 1 ብር ይጎድላችኋል። ሚሊዮን ቢሆን ግን ጉድለቱ ራሱ በጉድለት ስለሚባዛ ተመልሶ 1 ትርፍ ይሆናል። ስለዚህ ቡድኖቹን ከቀኝ ጀምራችሁ አንዱን ደምሩ፣ አንዱን ቀንሱ፣ አንዱን ደምሩ፦ 876 − 904 + 2 = −26። አበቃ። ሰባት አሃዝ የነበረው ቁጥር 26 ሆነ። 26 ለ13 ይካፈላል፣ ለ7 አይካፈልም፣ ለ11ም አይካፈልም። የመቀነስ ምልክቱ አያስጨንቃችሁ፣ መካፈል አለመካፈሉን አይለውጥም። ልጅቷ ቡና ሳይፈላ የጨረሰችው በዚህ ነው።

አራት ሙከራ አደረግን፣ ገና ምንም አላካፈልንም። አሁን እናካፍል። 2,904,876 ለ4 ሲካፈል 726,219። እሱ ለ27 ሲካፈል 26,897። እሱ ለ13 ሲካፈል 2,069። ባካፈላችሁ ቁጥር ቁጥሩ እያነሰ ስለሚሄድ ቀጣዩ ሥራ ይቀልላል። ለዚህ ነው ትናንሾቹን አካፋዮች አስቀድሞ መንቀል የሚያዋጣው።

2,069 ላይ ግን ነገሩ ጠጠረ። ብቸኛ ቁጥር ይሁን አይሁን (ትምህርት ቤት ፕራይም የሚሉት፣ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) በዓይን አይታወቅም። አንድ በአንድ መሞከር ነው። እስከ የት? እስከ 45 ብቻ። 2,069 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ቢሆንና ሁለቱም ከ45 ቢበልጡ፣ ትንሹ ሊሆን የሚችለው ብዜት 46×46 = 2,116 ነው። ያ ደግሞ አልፎታል። ስለዚህ አካፋይ ካለው አንዱ ከ45 የማይበልጥ መሆን አለበት። በዚያ ላይ የምንሞክረው ብቸኛ ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ ለ3 ያልተካፈለ ለ9ም ለ15ም አይካፈልምና። 2፣ 3 እና 5 እንደማይሆኑ በዓይን ይታያል። የቀሩትን ከነቀሪያቸው ጻፍናቸው፦ ለ7 ቀሪ 4፣ ለ11 ቀሪ 1፣ ለ13 ቀሪ 2፣ ለ17 ቀሪ 12፣ ለ19 ቀሪ 17። ለ23 ሲደርስ ልባችን ተንጠለጠለ፣ 22 ተረፈ፤ አንድ ቢጨመርበት ኖሮ ተካፍሎ ነበር። ለ29 ቀሪ 10፣ ለ31 ቀሪ 23፣ ለ37 ቀሪ 34፣ ለ41 ቀሪ 19፣ ለ43 ቀሪ 5። አለቀ። 2,069 ብቸኛ ቁጥር ነው።

ቀሪውን የጻፍነው ለጌጥ አይደለም። "አይካፈልም" ብሎ ማለፍ ይቀናናል፣ ግን ቀሪው ከተጻፈ ሌላ ሰው ስህተታችሁን በአንድ ደቂቃ ያገኘዋል። ደግሞ ቀሪ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

እንግዲህ 2,904,876 = 2×2×3×3×3×13×2,069። ይህ የቁጥሩ መታወቂያ ነው። ከዚህ በኋላ የምትጠይቁት ሁሉ ከዚህ መስመር ይወጣል።

ለምሳሌ ስንት አካፋይ አለው? አንድ አካፋይ ለመሥራት ከሁለቶቹ ምንም፣ አንድ ወይም ሁለቱንም ትወስዳላችሁ፤ 3 ምርጫ። ከሦስቶቹ ከዜሮ እስከ ሦስት፤ 4 ምርጫ። 13ን ትወስዳላችሁ ወይም ትተዋላችሁ፤ 2 ምርጫ። 2,069ም 2። 3×4×2×2 = 48። አርባ ስምንት አካፋይ፣ አንድም ሳንዘረዝር። 2,904,876 የባሕር ዛፍ ችግኝ ቢኖራችሁና በእኩል ረድፍ ልትተክሉ ብታስቡ (የኛ አገር ሰው ከዚህ ሌላ ምን ያስባል) አካፋዮቹ ጥንድ ጥንድ ስለሚሆኑ በ24 ዓይነት አራት ማዕዘን ልታሰልፉት ትችላላችሁ ማለት ነው። ወደ ካሬ በጣም የሚቀርበው 1,404 በ2,069 ነው። ትክክለኛ ካሬ አይወጣውም። 1,704 በ1,704 ብትተክሉ 1,260 ችግኝ ይተርፋችኋል፣ 1,705 በ1,705 ካላችሁ ደግሞ 2,149 ይጎድላችኋል።

የአካፋዮቹ ድምርም ከዚያው መስመር ይወጣል፦ (1+2+4)×(1+3+9+27)×(1+13)×(1+2,069)፣ ማለትም 7×40×14×2,070 = 8,114,400። ራሱን ቁጥሩን ስትቀንሱ 5,209,524 ይቀራል። ከራሱ በልጧል። እንደ 6፣ እንደ 28፣ እንደ 496 ድምራቸው ልክ ራሳቸውን የሚሆኑ ቁጥሮች ፍጹም ይባላሉ፤ የኛ ሎተሪ ግን ትርፍ በትርፍ ነው። በቁጥር ብቻ።

የሁለት ካሬዎች (በራሳቸው የተባዙ ቁጥሮች) ድምር ይሆን? ይህን የጠየቀችኝ ልጅቷ ናት። አይሆንም። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ለ4 ሲካፈሉ 3 የሚተርፋቸው ብቸኛ ቁጥሮች (3፣ 7፣ 11፣ 19...) በመታወቂያው ውስጥ ካሉ፣ እያንዳንዳቸው የሚገቡት ጥንድ ጥንድ ሆነው መሆን አለበት። እኛ ጋ 3 ሦስት ጊዜ ነው ያለው፣ አንዱ ብቻውን ቀረ። ያንን አንዱን 3 አውጡትና 968,292 ይሆናል። አሁን ይሆናል፦ 384×384 + 906×906። ደምሩት፣ ልክ ነው። አንዲት 3 ናት ነገሩን ሁሉ ያበላሸችው።

ለቤታችን የሚቀርቡ አንድ የኔታ አሉ። መንዝ ነው ያደጉት። የዚያን ቀን ቡና ላይ ነበሩ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው ሲሰሙን ቆዩ። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ተቀበሉንና በግዕዝ ጻፉት፦ ፪፻፺፼፵፰፻፸፮። ሁለት መቶ ዘጠና እልፍ፣ አርባ ስምንት መቶ ሰባ ስድስት። "ይኸው፣ እኛ ደግሞ ሁለት ሁለት አድርገን ነው የምንቆርጠው" አሉ።

እኔ ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው። የግዕዝ አጻጻፍ በመቶ በመቶ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ጥንዶቹ ራሳቸው ተቆርጠው ይመጣሉ፦ 2፣ 90፣ 48፣ 76። ደምሯቸው፦ 216። እንደገና 2+16 = 18። መቶ ለ99 ሲካፈል 1 ይተርፋልና ቁጥራችን ለ99 ሲካፈል 18 ይተርፋል። 18 ለ9 ይካፈላል፣ ለ11 አይካፈልም፤ ቅድም ካገኘነው ጋር ገጠመ። ለ4 መካፈሉም ከመጨረሻው ፸፮ ላይ በቀጥታ ይነበባል። ይህን ከየኔታ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

"እናንተ ታካፍሉና ቀሪውን ትጥላላችሁ" አሉ ቀጥለው። "እኛ ድርሻውን ጥለን ቀሪውን ነው የምንይዘው።"

ባሕረ ሐሳብን፣ የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫውን ስሌት፣ ማለታቸው ነው። አሠራሩን አሳዩን። 5,500 ላይ 2018ን ስትደምሩ ዓመተ ዓለም 7,518 ይሆናል። ለ19 አካፍሉት፣ 395 ጊዜ ደርሶ 13 ይተርፋል። 395ን ማንም አይፈልገውም። ከ13 አንድ ቀንሱ፣ ወንበሩ 12። ወንበርን በ11 አባዙና 30 30 እያላችሁ ጣሉ፦ 132፣ ቀሪ 12፤ ይህ አበቅቴ ነው። በ19 አባዙና እንደዚያው ጣሉ፦ 228፣ ቀሪ 18፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሙላት አለባቸው፣ ካልሞሉ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። 12+18 = 30። የ2018 ነነዌም፣ ዐቢይ ጾምም፣ ፋሲካም የሚወጡት ከዚህች ቀሪ ነው። 7,518ን ለ4 ብታካፍሉ ደግሞ 2 ይተርፋል፣ ዘመነ ማርቆስ።

532 ዓመት የሆነው የባሕረ ሐሳብ ትልቁ ዙር፣ ዐቢይ ቀመርም፣ ምሥጢሩ መታወቂያው ውስጥ ነው። 19×28። 19 ብቸኛ ቁጥር ነው፣ ከ28 ጋር የሚጋራው አካፋይ የለም፤ ስለዚህ የ19 ዓመቱ የጨረቃና የ28 ዓመቱ የፀሐይ ዙር እንደገና አንድ ላይ ለመነሳት ሙሉውን ብዜት መጠበቅ አለባቸው። የሚጋሩት አካፋይ ቢኖር ኖሮ ቀድመው ይገናኙ ነበር።

በዚያው ሞቅ ብሎን ሎተሪዬን ቀን አደረግነው። 2,904,876 ቀን ስንት ዓመት ነው? አራት ዓመት 1,461 ቀን ነው (ሦስቱ ባለ 365፣ አንዱ ጳጉሜን 6 ያለው)። 1,461 በቁጥሩ ውስጥ 1,988 ጊዜ ገብቶ 408 ይተርፋል፤ 7,952 ዓመት ከ408 ቀን፣ ማለትም 7,953 ዓመት ከ43 ቀን። ከዓመተ ዓለም መነሻ ብንቆጥር ገና ከ430 ዓመት በላይ ይቀረዋል። ለ7 ስናካፍለው ደግሞ 2 ይተርፋል፤ ዛሬ ሰኞ ቢሆን ከ2,904,876 ቀን በኋላ ያለው ቀን ረቡዕ ነው። የኔታ ሳቁ። "ለዚያ ቀን ቀጠሮ አትያዝ" አሉኝ።

ስለ ካልኩሌተር ትንሽ። ተጠቀሙበት፣ ግን ቁጥሩ ሲረዝም አትመኑት። ስክሪኑ ከሚችለው በላይ ሲሆንበት ያጠጋጋል፣ እናንተም ያለ ቀሪ የተካፈለ ይመስላችኋል። ኤክሴልም ያው ነው፤ ከ15 አሃዝ የበለጠ ቁጥር እንደ ቁጥር ካስገባችሁ ከ15ኛው በኋላ ያሉትን ዜሮ ያደርጋቸዋል፣ ማስጠንቀቂያ እንኳ አይሰጥም። ረዥም ቁጥር እንዳለ እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ ሴሉን ቴክስት አድርጉት። ለማካፈል ግን በእጅ፣ ወይም በሦስት በሦስት ቡድን።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ደግሞ እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። ቁጥሩ ሁለት አሃዝ በጨመረ ቁጥር መሞከር ያለባችሁ ወሰን አሥር እጥፍ ያድጋል። 2,069ን እስከ 45 ሞክረን ጨረስን፤ ሙሉውን ሎተሪ ምንም ሳንነቅል በጥሬው ብንጀምረው ኖሮ ወሰኑ 1,704 ነበር። ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው የሚሠራን ቁጥር መልሶ መፈልቀቅ ለኮምፒውተርም መከራ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ባለ 250 አሃዝ እንዲህ ያለ ቁጥር ተፈልቅቆ ነበር፣ እሱም በብዙ ኮምፒውተር ርብርብ። የኢንተርኔት ምስጢር መቆለፊያ አንዱ ዓይነት የሚተማመነው በዚሁ መከራ ላይ ነው። አንዳንድ ቁጥሮች ግን የራሳቸው አቋራጭ መመርመሪያ አላቸው። በዚያው አቆጣጠር በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው ብቸኛ ቁጥር 41,024,320 አሃዝ አለው፤ 2ን 136,279,841 ጊዜ እርስ በርሱ አባዝተው አንድ የቀነሱበት ነው። እሱን በእርሳስ አትሞክሩት።

ሁለተኛው ቲኬት ቀርቶናል። 2,904,877። ተከታታይ ቁጥሮች ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው 2፣ 3፣ 13 እና 2,069 ከወዲሁ ተሰረዙ። መጨረሻው 7 ነው፣ 5ም ወጣ። ቡድኖቹ 877 − 904 + 2 = −25፤ 7ም 11ም የለም። 17 ላይ 2 ተረፈ፣ 19 ላይ 5። መብራት ጠፋ። በስልክ ባትሪ ብርሃን 23ን ሞከርን፣ ገባ! 126,299 ጊዜ። እዚህ ጋ በዘጠኝ አመሳከርን፣ አሃዞቹን አንድ አሃዝ እስኪቀር እየደመርን፦ 23 ማለት 5፣ 126,299 ማለት 29፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ 2፤ 5×2 = 10፣ 1። የቲኬቱ አሃዞች ድምር 37፣ 10፣ 1። ገጠመ። በዚህ ጊዜ ቲኬቱን ራሱን ነበር የያዝኩት፣ ግልባጩን አይደለም።

126,299 ላይ ብዙ ለፋን። 29፣ 31፣ 37፣ 41፣ 43፣ 47 ሁሉም እምቢ አሉ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ብቸኛ ነው ልል ስል ልጅቷ ብርዱን ሸሽታ ብርድ ልብስ ውስጥ እንደገባች "53!" አለች። 53 × 2,383። 2,383ን ለእናንተ ትቼዋለሁ፣ እስከ 47 ድረስ ሞክሩት፣ ቀሪዎቹንም ጻፏቸው።